ከአግዳሚው ከወደቀች በኋላ፦ ለተወዳዳሪ ጂምናስት ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

ሴት ጂምናስቶች ላዩ ላይ ቆመው የሚሠሩበት፣ ቢም የሚባለው አግዳሚ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው፤ በትልልቆቹ ውድድሮች ከመሬት 1 ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ልጄ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ከዚህ ነገር ላይ በአንድ ውድድር ሁለት ጊዜ ወደቀች። ስንመለስ እሷ ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። እኔ፣ በሕይወቴ አንድም ቀን አግዳሚ ላይ ቆሜ የማላውቀው ሰው፣ መሪውን ይዤ «ቀኝ እግርሽን ትንሽ ወደ ውስጥ ብታሳርፊው ኖሮ» እያልኩ አስረዳለሁ። ብዙ መንገድ ዝም ብላ ተጓዘች። ከዚያ «አባዬ፣ አሠልጣኝ እኮ አለኝ» አለችኝ።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ጉዞ ወዲህ የተማርኩት ነው። አብዛኛውን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። ልጄ ሴት ስለሆነች በሴት አንቀጽ እጽፋለሁ፤ ወንድ ልጅ ያለው ወላጅ አግዳሚውን ወንዶች በሚንጠለጠሉባቸው ቀለበቶች ይተካው፤ የቀረው አይለይም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከውድድሩ በፊት የነጥቡን አሰጣጥ ይወቁ

ብዙ ቤት ውስጥ ለቅሶው የሚጀምረው ከመውደቅ ሳይሆን ካልተረዱት ቁጥር ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ከ2006 ጀምሮ ነጥቡ የሁለት ቁጥሮች ድምር ሆኗል። አንዱ የሠራችው እንቅስቃሴ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚለካ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ እንዴት አድርጋ እንደሠራችው ይለካል። ሁለተኛው ከ10 ይነሣና እየተቀነሰ ይወርዳል፦ ለትንሽ ጉድለት 0.1፣ ለመካከለኛ 0.3፣ ለትልቅ 0.5፣ ለመውደቅ አንድ ሙሉ ነጥብ። ሕፃናት በሚወዳደሩባቸው ደረጃዎች ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአንዳንዱ የመውደቅ ቅጣት ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ በልጅዎ ደረጃ የሚሠራበትን ደንብ አሠልጣኙን አስቀድመው ይጠይቁ።

ይህን ሲያውቁ ሁለት ነገር ይገባዎታል። አንደኛ፣ ከመቀመጫዎ ሆነው «ምንም አልተሳሳተችም» ያሉትን እንቅስቃሴ ዳኛው የታጠፈ ጉልበት፣ የተራራቀ እግር፣ ስታርፍ ወደፊት የተራመደች አንዲት እርምጃ እያለ ቆጥሮታል። ሁለተኛ፣ ልጅዎ ወደሚቀጥለው ደረጃ ስታልፍ ወይም አዲስ ከባድ እንቅስቃሴ ስትጨምር ነጥቧ ይወርዳል። ይህ ማሽቆልቆል ሳይሆን የማደግ ዋጋ ነው። ያለፈውን ወር ነጥብ ከዚህ ወር ጋር፣ ያንን አዳራሽ ከዚህ አዳራሽ ጋር ማስተያየትም ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ ዳኞቹ ሌሎች ናቸው።

በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ የ14 ዓመቷ ሮማኒያዊት ናዲያ ኮማነች ሙሉ 10 ስታገኝ፣ ሰሌዳው እንዲህ ያለ ቁጥር እንዲያሳይ ስላልተሠራ 1.00 ብሎ አሳየ። የዛሬው ደንብ ያንን 10 ሽሮታል፤ የወላጅ ልብ ግን ገና አልሻረውም።

ሌላው የዝግጅት ሥራ አንድ ጥያቄ ነው። ውድድር በሌለበት፣ ማንም ባልተከፋበት ቀን «ጥሩ ባይሆን ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። እኔ መተቃቀፍ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ከመቀመጫህ አትነሣ። ስመጣ ጃኬቴን ስጠኝ። መጀመሪያ እኔ እስክናገር አትናገር» አለችኝ። የእርስዎ ልጅ ፍጹም ሌላ ነገር ልትል ትችላለች፤ ያለችውን ይፈጽሙ።

2. በወደቀችበት ቀን

ከአግዳሚው ላይ ሆና ታይዎታለች። ሲወድቁ ቀና ብለው ወላጃቸውን የሚፈልጉ ልጆች ቁጥራቸው ያስገርማል። በዚያች ቅጽበት ግንባርዎን ይዘው፣ ወይም ከጎንዎ ላለው ሰው ራስዎን እየነቀነቁ ካገኘችዎ፣ ከዳኛው በፊት ነጥብ ሰጥተዋታል። እጅዎን ጭንዎ ላይ አሳርፈው ይቀመጡ።

ስትመጣ «ምንም አይደለም» አይበሏት። ለእርስዎ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እሷ ግን ለዚህ ቀን ወራት ለፍታለች። «አይዞሽ» ይበቃል። የኛ ቋንቋ ለዚህ ቀን ያዘጋጀው ቃል ስለሆነ ሌላ ማስረዘሚያ አያሻውም። ችግሩ እኛ ወላጆች እዚያ ላይ አናቆምም፤ «አይዞሽ፣ ግን ጉልበትሽን…» እንላለን። «ግን» ከተከተለው «አይዞሽ» መሆኑ ቀርቶ የስብከት መግቢያ ሆነ ማለት ነው።

ዳኛውን፣ የቡድን ጓደኛዋን ወይም አሠልጣኟን መውቀስም ያጓጓል፤ ይተዉት። ለጊዜው ያጽናናታል፤ በሚቀጥለው ውድድር ግን ጠላት ወዳለበት አዳራሽ ትገባለች። ውኃ ትጠጣ፣ ትብላ፣ ትተኛ። ቪዲዮውን በዚያ ምሽት አይክፈቱት። ራሷ ካልጠየቀች በቀር ለዘመድም አይላኩት።

3. በሚቀጥሉት ቀናት የውድቀቱን ዓይነት ይለዩ

መውደቅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ መድኃኒቱም እንዲሁ። አንድ ቀን የተንሸራተተች ልጅ ከእንቅልፍና ከቀጣዩ ልምምድ ሌላ የሚያስፈልጋት ነገር የለም፤ በዚህ ላይ ምክር ማብዛት የሌለ በሽታ መፍጠር ነው። ነገር ግን ያው ችግር ለሳምንታት ከተመላለሰ ከኋላው ፍርሃት፣ የሰውነት ዕድገት ወይም ሕመም ሊኖር ስለሚችል በየተራ እንያቸው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር፦ «ዛሬ መሣሪያው ልክ አልነበረም» ካለች ሰበብ ነው ብለው አይዝጉባት። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች በሁሉም መሣሪያ በሚሠሩበት የሴቶች የግል አጠቃላይ ፍጻሜ የመዝለያው መሣሪያ ከሚገባው 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተተክሎ ነበር። የዓለም ምርጦች አንድ በአንድ ወደቁ፤ ጥፋቱንም የራሳቸው አድርገው ቆጠሩት። ነገሩን ያስተዋለችው አውስትራሊያዊቷ ተወዳዳሪ አላና ስሌተር ነበረች። መሣሪያው ከተስተካከለ በኋላ ለተጎዱት እንደገና የመዝለል ዕድል ተሰጠ፤ ለአንዳንዶቹ ግን ቀኑ አልፎ ነበር፤ ሩሲያዊቷ ስቬትላና ኮርኪና ከዝላዩ ቀጥሎ ከዘንጉም (አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ከሚቆሙት ሁለት ዘንጎች) ወድቃለች። 5 ሴንቲ ሜትር የአንድ ጣት ርዝመት አይሞላም። ልጅዎ በእግሯ የምትለካውን እርስዎ በዓይንዎ አያዩትም።

4. ፍርሃት ሲይዛት

ይህ ክፍል ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ወላጅን ከሁሉ የሚያስጨንቀውና ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ይኸው ነው። ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ስትገለበጥ የኖረች ልጅ አንድ ማክሰኞ አግዳሚው ላይ ትቆማለች፣ እጇን ታነሣለች፣ ትቆያለች፣ ታወርዳለች። እንደገና ታነሣለች። አሥር ጊዜ። ከውጭ ሲያዩት እልኸኝነት ይመስላል። እሷ ግን ሰውነቷን እያዘዘች ሰውነቷ እምቢ ብሏታል።

ጂምናስቶች አየር ላይ እያሉ ያሉበት ሲጠፋቸው «ትዊስቲስ» ይሉታል። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ በቡድን ፍጻሜው ሁለት ዙር ተኩል ልትሽከረከር ተነሥታ አንድ ዙር ተኩል ላይ ወረደች፤ ወዲያው ከውድድሩ ወጣች። ብዙዎች ፈራች ብለው ተሳለቁ። መሽከርከር ያለበትን መውረጃ ትታ በሌላ በመተካት ከሳምንት በኋላ በአግዳሚው ነሐስ ወሰደች። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል አረፈች። በ2024 ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅና አንድ ብር አገኘች። በዚያው ፓሪስ ከአግዳሚው ወድቃ ያለ ሜዳሊያ የቀረችበት ፍጻሜም እንደነበር ለልጅዎ ይንገሯት፤ ለእኔ ልጅ ከወርቁ ይልቅ የጠቀማት ይህ ነው።

የሚሠራው መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ከፍ ካለው አግዳሚ ወደ ዝቅተኛው፣ ከዝቅተኛው ወለል ላይ ወደተሠመረ መስመር፣ ወይም አሠልጣኙ ወገቧን ይዞ፣ ወይም ከሥር ፍራሽ ተደራርቦ። ሳትፈራ የምትሠራበት ደረጃ ሲገኝ ከዚያ አንድ አንድ እየጨመሩ መውጣት ነው። ሳምንታት ይወስዳል፤ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ይህን ሥራ የሚሠራው አሠልጣኙ ነው። የእርስዎ ድርሻ አለማፋጠን ነው።

ማፋጠን ብዙ መልክ አለው። «ከሠራሽው ስልክ እገዛልሻለሁ» ማፋጠን ነው፤ ፍርሃት ላይ ዕዳ ይጨምራል። «እስከ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ነው ያለሽ» እንዲሁ። ከሁሉም የከፋው ግን የዋሁ የበር ላይ ጥያቄ ነው። እኔ በየቀኑ ልወስዳት ስሄድ «ዛሬ ሠራሽው?» እላት ነበር። አንድ ቀን ከአዳራሹ ስትወጣ በመስታወቱ አየኋት፤ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ትመጣ ነበር፤ በሩ ላይ ስታየኝ ሳቋ ጠፋ። ጥያቄው ገና ከአፌ አልወጣም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዛሬ ምን አሳቃችሁ?» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ተጠራጠረችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሳልጠይቃት፣ «ዝቅተኛው ላይ ሠራሁት» አለችኝ፤ እኔም እንደምንም አፌን ይዤ «እሺ» አልኩ።

ፍርሃቱ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ እንቅልፍ ወይም ወደ ምግብ ከተሻገረ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

5. ሰውነቷ ሲያድግ

በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ሴንቲ ሜትር የጨመረች ልጅ ትናንት በምታውቀው ሰውነት አትሠራም። እጅና እግሯ ረዝሟል፣ የክብደቷ መሐል ተዛውሯል፣ ዘንጉ ላይ ስትወዛወዝ ከዚህ በፊት ነፃ ያልፍ የነበረ እግሯ ታችኛውን ዘንግ ይመታል። ያላት ችሎታ የጠፋ ይመስላል፤ እንደገና መለካት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በየሦስት ወሩ ቁመቷን ለክተው ለአሠልጣኙ ይንገሩ፤ ለምን እንደተሰናከለች ለሁለታችሁም ግልጽ ይሆናል።

ስለ ክብደቷ ግን አንድም ቃል፣ በቀልድም ቢሆን፣ አይናገሩ። ማንም እንዲናገር አይፍቀዱ። በማደግ ላይ ያለችና በሳምንት ብዙ ሰዓት የምትለማመድ ልጅ የሚጎዳት የምግብ ማነስ ነው። የወር አበባ እስከ 15 ዓመት ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ለሦስት ወር ከቆመ፣ «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» ብለው አይለፉት፤ ሐኪም ይያት።

6. ሲያማት

በልጆች አጥንት ጫፍ አካባቢ ዕድገቱ የሚካሄድበት ከቀረው አጥንት የላላ ክፍል አለ። መዝለል፣ ማረፍና በእጅ መቆም የሚያሳምመው በብዛት እዚያ ነው፦ ተረከዝ፣ ከጉልበት በታች፣ የእጅ አንጓ። የጀርባ ሕመም፣ በተለይ ወደ ኋላ ስትለመጥ የሚብስ ከሆነ፣ በልጅ ላይ ቀላል አይደለም።

ልጆች ውድድር ሲቀርብ ሕመም ይደብቃሉ። ስለዚህ «ያምሻል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ጠዋት ደረጃ ስትወርድ፣ የጠርሙስ ክዳን ስትከፍት፣ ጫማ ለማሠር ስታጎነብስ ይመልከቷት። ካነከሰች፣ ካበጠ፣ ሌሊት ከቀሰቀሳት፣ ወይም ዕረፍት ወስዳም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ሐኪም። ጭንቅላቷን መትታ ከሆነ በዚያ ቀን ወደ ልምምድ አትመለስም፤ «ደህና ነኝ» ብትልም። ካስመለሳት፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከተወዛገበች ወይም ራሷን ከሳተች በዚያችው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ አሜሪካዊቷ ኬሪ ስትረግ በተጎዳ ቁርጭምጭሚት ሁለተኛውን ዝላይ የዘለለችበትን ታሪክ ለልጆች የጀግንነት ምሳሌ አድርገን እንነግራለን። ነጥቡ ተደምሮ ሲታይ ግን ቡድኗ ያለዚያ ዝላይም ወርቁን ይወስድ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ለልጄ መንገር ትቻለሁ። በምትኩ ሦስት ጊዜ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ በየጊዜው አገግማ ተመልሳ፣ በቶኪዮ በዝላይ ወርቅ ያገኘችውን ብራዚላዊቷን ሬቤካ አንድራዴን እጠቅስላታለሁ።

በማገገሚያው ጊዜ ከቡድኑ እንዳትቆረጥ ያድርጉ። ሐኪሙ የፈቀደውን ያህል የደኅናውን የሰውነቷን ክፍል ታጠናክር፤ ቁጭ ብላም ቢሆን ከጓደኞቿ ጋር ትዋል። ለብዙ ልጆች ከስብራቱ የሚብሰው መረሳቱ ነው።

7. አሠልጣኙን ሲያነጋግሩ

በውድድር ቀን አይሁን፤ በሩ ላይ ቆሞም አይሁን። ቀጠሮ ይያዙና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚያዩት ችግር ምንድን ነው? በሚቀጥሉት ሳምንታት የምትሄድበት ደረጃ በደረጃ ዕቅድ ምን ይመስላል? እኛ ቤት ውስጥ የምናደርገው ወይም የምንተወው ነገር አለ? ጥሩ አሠልጣኝ ሦስተኛውን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል፤ ስለሚተው ነገር የሚጠይቅ ወላጅ ብዙ አያጋጥመውም።

መታገሥ የማይገባ ነገርም አለ። ልጆችን በጓደኞቻቸው ፊት መመዘን፣ መሳደብ፣ «እስክትሠሪው አትወርጂም» ብሎ አግዳሚ ላይ ማቆየት፣ ጉዳት ይዞ ማሠራት፣ ወላጅ ልምምድ እንዳያይ ፈጽሞ መከልከል፣ ለልጅ በግል መልእክት መላክ፣ ለብቻ ሕክምና መስጠት። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ውጤቱ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ልጅዎን ያውጡና ለሚመለከተው ያመልክቱ። በ2018 የአሜሪካ ጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር በወሲባዊ ጥቃት ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶችና ልጃገረዶች ቀርበው የደረሰባቸውን ተናገሩ። ከመካከላቸው ከዓመታት በፊት ለአዋቂዎች ተናግረው ያልተሰሙ ነበሩ። ልጅዎ «አልተመቸኝም» ስትል ነገሩን ከነጥብ ጋር አያያይዙት።

8. ለሚቀጥለው ውድድር፦ አሥሩ ሰከንድ

በዓለም አቀፉ ደንብ ከአግዳሚው የወደቀች ተወዳዳሪ እስክትወጣ 10 ሰከንድ፣ ከዘንጉ የወደቀች 30 ሰከንድ አላት። ብዙ ልጆች ይህን ጊዜ አይጠቀሙበትም፤ እፍረቱ ስለሚያቻኩላቸው ወዲያው ዘልለው ይወጣሉ፤ ልባቸው ሳይረጋጋም ደግመው ይወድቃሉ። የልጄ ሁለተኛ ውድቀት እንዲህ ነበር።

አሠልጣኙን «ከወደቀች በኋላ መቀጠልን ታለማምዱልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ መቆም፣ አየሩን በረጅሙ ማስወጣት፣ እጅ ላይ ነጩን ዱቄት መቀባት፣ የአግዳሚውን ጫፍ ማየት፣ መውጣት። ቤት ውስጥ በሰዓት ቆጥረነው ነበር፤ 10 ሰከንድ ስትቆጠር ምን ያህል ረጅም እንደሆነች ሁለታችንም ደነገጥን።

ለውድድሩ ግብ ስታወጣ ደግሞ ነጥብና ሜዳሊያ ሳይሆን በእጇ ያለውን ነገር ትምረጥ፤ «ስወርድ እግሬን አልነቅልም» ያለ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ልጻፈው ካለችም በራሷ እጅ ትጻፈው።

9. «አቆማለሁ» ስትል

በክፉ ቀን ምሽት የተባለ «አቆማለሁ» ገና ውሳኔ ስላልሆነ አይከራከሩት፣ አይቀበሉትም። «ሰምቼሻለሁ፤ እስከዚህ ቀን ድረስ እንቆይና እንነጋገራለን» ብለው የቁርጥ ቀን ይስጡት፤ አንድ ወር ወይም የውድድሩ ዘመን ማብቂያ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያስተውሉት አንድ ነገር ነው፦ መውደቁን ነው የጠላችው ወይስ ከመውደቁ በፊትም ጠልታው ነበር? በልምምድ ቀን ጠዋት ሆዷን የሚያማት፣ ልምምድ ሲሰረዝ ፊቷ የሚበራ ልጅ መልሱን አስቀድማ ሰጥታለች።

ያወጡት ገንዘብና በየሳምንቱ በመንገድ ላይ ያለፈ ጊዜ የእሷ ዕዳ አይደለም፤ እንዳያነሡባት። ማዘን ካማረዎት፣ ሊያምርዎትም ይችላል፣ እሷ በሌለችበት ይዘኑ። ጂምናስቲክ ያስተማረው ጉልበትና ሚዛን በትራምፖሊን፣ በዳንስ፣ ወደ ውኃ በመዝለል ስፖርት ይቀጥላል።

የእኔ ልጅ «አቆማለሁ» ያለችው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮአችን ሳይደርስ በአሥራ አንደኛው ቀን ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ መጣ፣ እንባ አልነበረውም፣ ቀጠሮውም አልለወጠውም። አሁን ከከፍታ ወደ ውኃ ትዘላለች። የነጥቡን አሰጣጥ ላጥና ብዬ ወረቀቱን ስጠይቃት «አባዬ፣ እሱን ተወው፤ አንተ ፎጣውን ያዝልኝ» አለችኝ።